አበልጆቹና የስቴካዬ ንጣፍ

ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ነገር ገባኝ፤ በዚህ ከተማ «አላውቅም» የሚለውን ቃል የሚያውቅ ወንድ የለም። መንገድ ጠይቁት፣ ያሳያችኋል፤ ትክክል መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። የወገብ ሕመም ንገሩት፣ መድኃኒቱን ያዝዛል። የውሃ ፓምፕ ቢበላሽ፣ በማያውቀው አገር ምርጫ ቢጭበረበር፣ የጎረቤት ላም ወተት ብትነሣ… መልሱ ከኪሱ አይጠፋም። አንባቢዬ ከወንዶቹ ወገን ከሆንክ ገና ከአሁኑ አትቀየመኝ። እስከ መጨረሻው አንብበህ ብትቀየም ይሻላል፤ ምክንያቱ እየበዛልህ ይሄዳል።

በዚያች ሰዓት መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ካለችው የአቦይ ሐጎስ ፑል ቤት ነበርኩ። አዎ፣ ፑል እጫወታለሁ። ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት ሁለት ጊዜ ምራቄን የምውጠው እኔ፣ ወንዶች በሞሉበት ቤት ጎንበስ ብዬ ኳስ እመታለሁ። እንዴት እንደጀመርኩ ሌላ ታሪክ ነው። ለምን እንደቀጠልኩ ግን ልንገራችሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ መናገር አያስፈልግም። ኳሷ ቀዳዳ ውስጥ ስትገባ የምታሰማው ድምፅ እኔን ወክሎ ይናገራል፤ ማንም መሃል ገብቶ «እሷ ለማለት የፈለገችው…» አይልም።

መሥሪያ ቤታችን በሚቀጥለው ሳምንት አዲግራት ላይ ለሚደረግ የሠራተኞች ውድድር አራት የፑል ተጫዋቾች ይልካል። ሦስቱ ተመርጠዋል። ለአራተኛዋ ቦታ የቀረነው እኔና ዳዊት ነን። ዳዊት ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ፣ ቢሮ ውስጥ ከእኔ ሁለት ወንበር ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ባልደረባዬ ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጋጠማለን፤ ያሸነፈ ይሄዳል። ይህችን ቦታ ምን ያህል እንደፈለግኳት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ… የሆነ ዝርዝር ውስጥ ስሜ «እና ሌሎች» ከሚለው በፊት እንዲጻፍ ስመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ልምምድ ላይ ሳለሁ ስቴካዬ፣ ማለትም ኳሱን የምንመታበት ዱላ፣ «ቀጭ» አለ። ስቴካው የራሴ ነው፤ በጨርቅ ከረጢት ጠቅልዬ ነው ይዤው የምዞረው፣ ሰፈር ውስጥ መጋረጃ መስቀያ ይመስላቸዋል። የስቴካ ጫፍ እንዲህ ነው፦ ከላይ የአዝራር ታህል ቆዳ አለች፤ ኳሱን የምትነካው እሷ ናት። ከቆዳዋ ሥር አንድ ነጭ ቀለበት አለ፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው እሱ ነው። ቆዳዋ ወልቃ ወደቀች፤ ነጩ ቀለበት ላይ ደግሞ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታየ።

አቦይ ሐጎስ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው (በመነጽሩ ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም) ጫፉን አገላብጠው ተመለከቱ።

«ጓለይ፣ ይህ ንጣፍ የለውም እንዴ?»

«የምን ንጣፍ?»

«አህያ ላይ ጭነት ስትጭኚ ከሥር ምንም ሳታነጥፊ ትጭኛለሽ? ጀርባዋ ይገጠባል። ይኸው ተገጠበ።»

ንግግሩ በትግርኛ ነበር፤ «ጓለይ» ልጄ ማለት ነው፤ በአማርኛ የተበላሸ ነገር ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለ አህያዋ ግን ምንም አልጨመርኩም።

በእሳቸው እምነት ከቆዳዋና ከነጩ ቀለበት መካከል አንዲት ስስ ንጣፍ መግባት አለባት። ምቱን ትቀበላለች፣ ቀለበቱን ታድናለች፣ ዕድሜ ታስረዝማለች። ንጣፏን ደግሞ ራሳቸው ይሠሯታል፤ ከምን እንደሆነ ገምቱ። በመቀሌ ቤት ሁሉ በራፍ ላይ ተሰልፎ ውሃ ከሚጠብቀው ቢጫ ጀሪካን። አንዱን ያረጀ ጀሪካን ሆዱን ቀደዱና በመቀስ ክብ አድርገው ቆረጡ፤ ቆዳዋን ከላይ አድርገው በኮላ አጣበቁ። ስቴካዬ ጫፉ ላይ ቢጫ ቀለበት አሠረ።

«ኮላው እስኪደርቅ እዚሁ ይደር። ነገ ትወስጅዋለሽ። ሕራይ?»

«ሕራይ» አልኩ።

ሕራይ በእኛ ከተማ «እሺ» ማለት ነው። እኔ ግን ከእሺም በላይ አድርጌዋለሁ። «አልገባኝም» ለማለት ሕራይ እላለሁ፣ «አይሆንም» ለማለትም ሕራይ እላለሁ፣ «እባክዎ ከእግሬ ላይ ይነሡ» ለማለትም ሕራይ እላለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ስቴካ አልነበረውም።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ልወስደው ስሄድ አቦይ ሐጎስ ቤታቸው ምሳ ገብተዋል። በቦታቸው የተቀመጡት መምህር ካሕሳይ ነበሩ። መምህር ካሕሳይ ከጎን ባለው ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራሉ፤ የቀረ ጊዜያቸውን ደግሞ ፑል ቤት ሆነው ማንም ያልጠየቃቸውን ያስተምራሉ። ስቴካዬን አጥብቀው ይዘው፣ ቢጫዋን ቀለበት የሞተ አይጥ እንዳገኘ ሰው ያዩዋታል።

«ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ንጣፍ ነው፣ መምህር። ቀለበቱን ታድናለች ተብሎ…»

«ማን አለ?»

 መልሱን አልጠበቁም፤ ያውቁታል።

«እይ፤ ክንድሽ ኃይል ይሰጣል። ኃይሉ በእንጨቱ ያልፋል። ከእንጨቱ ወደ ቆዳው፣ ከቆዳው ወደ ኳሱ። ጉዳዩ በሁለቱ መካከል አለቀ። እዚህ መሃል ደላላ ምን ይሠራል?»

«ደላላ?»

«ይህ ፕላስቲክ ደላላ ነው። ከመጣው ኃይል ድርሻውን ቆርሶ ያስቀራል። ኳሱ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው። እጅሽም የመታሽውን አይሰማም። ዕውር ሆነሽ ነው የምትጫወቺው።»

እያሉ ምላጭ ከኪሳቸው አወጡ። የፊዚክስ መምህር ኪስ ውስጥ ምላጭ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ተማሪ ካለ ይጻፍልኝ። ቆዳዋን ፈለቀቁ፣ ቢጫዋን አሽቀንጥረው ጣሉ፣ ነጩን ቀለበት «ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለበት» ብለው በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፣ ቆዳዋን መልሰው አጣበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ለአበልጄ እንዳትነግሪው። ይቀየመኛል። ሕራይ?»

ምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ።

የነገሩ ቁልፍ ይህች «አበልጅ» የምትባለው ናት። መምህር ካሕሳይ የአቦይ ሐጎስን የመጨረሻ ልጅ ክርስትና አንሥተዋል። በአበልጆች መካከል ክፉ ቃል አይገባም፤ ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» መባባል ነውር ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች አብረው በሻይ ባሳለፉት ዘመን ሁሉ ስለ ንጣፍ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አንዱ ንጣፍ አስገቢ፣ ሌላው ንጣፍ አውጪ መሆናቸውን ግን ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። የእኔዎቹ ዝሆኖች እንኳ አልተጣሉም፤ እየተሳሳሙ ነው ሣሩን የጨረሱት።

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከሥራ እንደወጣሁ፣ ለልምምድ ተመለስኩ። አቦይ ሐጎስ ጫፉን ገና ከሩቅ አዩት። ስለ መነጽሩ ቅድም ያልኳችሁን ተውት፤ ሰውዬው የፈለጉትን ያያሉ።

«ቢጫዋ ወዴት ሄደች?»

«እኔ እንጃ፣ አቦይ።»

በበሩ በኩል ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር አሻግረው አዩ።

«ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም» አሉ። «ኮላው ሰንፎ ይሆናል።»

«ይሆናል።»

«እንግዲያው ሁለት እናድርግላት። አንዷ ብትወድቅ አንዷ ትቀራለች።»

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን ተረት ለቤት ሠሪ ነበር የማውቀው። ስቴካዬ ሁለት ቢጫ አሥሮ እንደ መቶ አለቃ መዓረግ ለበሰ። ኮላው ደረቅ ሲል ስመታበት ኳሷ የምትሄደው አስፈቅዳ ይመስል ነበር። የመምህር ካሕሳይ ደላላ ነገር ትዝ አለኝና እውነት አላቸው ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ወዲያው ደግሞ ስንጥቁ ትዝ አለኝና አቦይ ሐጎስ እውነት አላቸው አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ የሁለቱንም ወገን ክርክር አይቶ ከሁለቱም ጋር መስማማት።

ቤት ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። ኢንተርኔት ላይ አንዱ ያለ ንጣፍ የሚጫወት ሰው ስቴካውን ይጠላል ማለት ነው ይላል። ከሥሩ ሌላው፣ ንጣፍ መምታት ለማይችል ሰው የተሠራ ነው ብሎ ይሳደባል። ሦስተኛው ሁለታችሁም አታውቁም ብሎ ጀምሮ ስለ ራሱ ይተርካል። አሕጉር ይለያያል እንጂ ፑል ቤቱ አንድ ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መምህር ካሕሳይ ሁለቱን ቢጫዎች አገኟቸው። አቦይ ሐጎስ ሻይ ለማፍላት ወደ ጓዳ ገብተው ነበር።

«ሁለት ደላላ» አሉ መምህሩ በሐዘን። ምላጩ ወጣ። ብርጭቆ ወረቀቱ ወጣ። ነጩ ቀለበት በተፈገፈገ ቁጥር አንዲት ፀጉር ያህል ያንሳል፤ አሁን ምስር አክሏል። ሰውነቴ ውስጥ ያለውን ድፍረት ሁሉ ከየጥጉ ጠራርጌ ሰበሰብኩና፦

«መምህር፣ ይበቃው ይሆን?» አልኩ።

«ሳይንስ በቃኝ አይልም፣ ሓፍተይ።»

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ለአቦይ ሐጎስ ብናገር አበልጅ ከአበልጅ አጣላሁ። ለመምህሩ «ተዉት» ብል መምህር ተጋፋሁ። ዝም ብል ስቴካዬ አለቀ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አውቃለሁ፣ እናንተ ደፋሮች ናችሁ። እኔ የስቴካዬን ጫፍ በምቀባበት ጠመኔ እጫወት ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አቦይ ሐጎስ ለሦስተኛ ጊዜ አዩት። ምንም አልጠየቁም። ከኮት ኪሳቸው እፍኝ ሙሉ ቢጫ ንጣፍ አወጡ፤ ለመጪው ትውልድ የሚበቃ ነው። አንዷን መርጠው፣ ፈጥኖ በሚደርቀው ኮላ ለጥፈው፣ በአውራ ጣታቸው ተጫኗት። «እስከ ዘጠኝ ትይዛለች» አሉ። አነጋገራቸው ሐኪም ለበሽተኛ ቤተሰብ እንደሚናገረው ነበር።

ዳዊት መጣ። ባዶ እጁን። ግድግዳው ላይ ካለው መደርደሪያ ከቤቱ ስድስት ስቴካዎች አንዱን መዝዞ፣ ቀጥ ማለቱን እንኳ ሳያይ ጠመኔ ቀባው።

«ያንቺ ጫፉ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ንጣፍ።»

«ለምን ይጠቅማል?»

«አስተያየት ይለያያል።»

ጀመርን። አያችሁ፣ ስለ ራሴ መልካም ነገር መጻፍ አይሆንልኝም፤ ነገር ግን እውነቱ እውነት ነው፤ ጥሩ ተጫወትኩ።  ዳዊት ሁለት ኳስ ሲቀረው የእኔ ሁሉ ገብተው ጥቁሯ፣ ጨዋታውን የምትዘጋው ኳስ፣ ብቻ ቀረች። ጥቁሯ ከጥግ ቀዳዳው አንድ ስንዝር ላይ ቆማለች፤ በስቴካ የምንመታት ነጯ ከእሷ ፊት ለፊት ቀጥ ብላለች። ሕፃን ልጅ በመጥረጊያ እንጨት ያገባታል። ጎንበስ አልኩ። ግራና ቀኝ የቆሙት አበልጆች አብረውኝ ጎንበስ አሉ፤ የሚያዩት ግን ኳሱን ሳይሆን የስቴካዬን ጫፍ ነበር።

መታሁ።

ቆዳዋ፣ ቢጫዋ ንጣፍና ከነጩ ቀለበት የተረፈው ምስር አንድ ላይ ተስፈነጠሩ። ቆዳዋ አቦይ ሐጎስ ደረት ላይ አረፈች። ምስሩ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቢጫዋ ግን ልክ አድራሻ እንደተጻፈባት ሁሉ በአየር ተሽከርክራ መምህር ካሕሳይ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አለች። በባዶው እንጨት የተመታችው ነጭ ኳስ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ተንከባልላ፣ ጥቁሯን ሳትነካ ቆመች።

 መምህር ካሕሳይ በማንኪያ ንጣፏን ከሻዩ አወጡ። አንጠባጠቧት። አገላብጠው አዩዋት። በዘመናቸው ሁሉ ያልተነገረው ነገር አሁን የግድ ሊነገር ነው፣ ማስረጃው ማንኪያ ላይ ነው።  አሁን አበልጅ ለአበልጅ እውነቱን ይናገራል፣ ስቴካዬም በከንቱ አልሞተም ብዬ አሰብኩ።

«አበልጄ» አሉ መምህሩ፣ «ይህ የእርስዎ ነው?»

«የልጅቷ ነው» አሉ አቦይ ሐጎስ።

«እንደዚያ መሰለኝ።»

«አያያዟ ነው፣ አበልጄ።»

«አያያዟ ነው። እኔም ከመጀመሪያው ሳየው… የግራ እጇ።»

«የግራ እጇ። በጣም ታጠብቀዋለች።»

«ሴት ልጅ ሲጨንቃት ታጠብቃለች።»

«ንጣፍ ቢኖረውም ባይኖረውም ይኸው ነበር» አሉ አቦይ ሐጎስ።

«ቢኖረውም ባይኖረውም» አሉ መምህር ካሕሳይ፤ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ንጣፍ ተስማሙ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያሉት አባቶች እነዚህን ሁለቱን ሳያውቁ አልቀሩም፤ ቀደው ቀደው ሲያበቁ አያያዝ ነው ይላሉ።

ያዳነኝ ዳዊት ነው። ለእኔ አዝኖ አይምሰላችሁ። «ዱላዋ ስለተሰበረ አሸነፈ እየተባልኩ ልኖር አልችልም» አለ። «ነጯን ወደ ነበረችበት እንመልሳት፤ ነገ ከቅዳሴ መልስ ከዚያችው ኳስ እንቀጥል። ካገባሻት ትሄጃለሽ። ካልገባች ተራው የእኔ ነው፤ የእኔን ሁለት ኳሶች ደግሞ አይተሻቸዋል።» አይቻቸዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ያገባቸዋል። የኳሶቹን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርገን፣ አቦይ ሐጎስ ጠረጴዛውን በላስቲክ ሸፈኑት። ዱላዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ፤ በመንገድ ላይ አንዲት ጎረቤታችን መጋረጃው መቼ ነው የሚሰቀለው አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ነጠላዬን እንደለበስኩ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድኩ። በሩ ላይ ሁለቱ አበልጆች ከእኔ በፊት ደርሰዋል። ከማን ጋር እንደሚማከሩ ባላውቅም ሌሊቱን ሠርተው አድረዋል። አቦይ ሐጎስ በግራ በኩል ቆመው ከሰማያዊ ጀሪካን የተቆረጠ ንጣፍ በመዳፋቸው ዘረጉልኝ፤ «ሰማያዊው ለስላሳ ነው፣ ጓለይ፤ ቢጫው እኮ የዘይት ነው» አሉ በሹክሹክታ። በቀኝ በኩል መምህር ካሕሳይ በደብተር ቅጠል ላይ የተጻፈ ስሌት ዘረጉልኝ፤ ስሌቱ መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል። «አንብቢውና ቅደጅው» አሉ እሳቸውም በሹክሹክታ። ሁለቱ በአንድ ክንድ ርቀት ቆመው አይተያዩም።

በመካከላቸው አለፍኩ።

ወደ ግድግዳው ሄጄ ከስድስቱ ስቴካዎች እጄ የደረሰበትን መዘዝኩ። ጫፉን አላየሁትም። ሳላየው ጠመኔ ቀባሁት። ዳዊት ላስቲኩን ገለጠ። ነጠላዬን ወደ ኋላ ጣል አደረግኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ግራ እጄን አጥብቄ ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ፣ መታሁ። ጥቁሯ ኳስ የጥግ ቀዳዳው ውስጥ ገብታ ያንን ድምፅ አሰማች።

ዳዊት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። «አዲግራት ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዢ» አለኝ። ተሸንፎ የሚናገረው ይህን ብቻ ከሆነ ሰውዬው ክፉ አይደለም።

አበልጆቹ ግን ወደ እኔ አይደለም የመጡት። ወደ ስቴካው ነው።

«ንጣፍ ያለው ነው» አሉ አቦይ ሐጎስ ከግራ። «ድምፁን ሰምታችኋል? እኔ ራሴ ነኝ ያነጠፍኩለት።»

«ደላላ ያለው ዱላ እንዲህ አይመታም» አሉ መምህር ካሕሳይ ከቀኝ። ከዚያ ማንን እንደተናገሩ ገባቸውና ደነገጡ። አቦይ ሐጎስም ደነገጡ። ከዓመታት በኋላ አንዱ የሌላውን ፊት በደንብ አየ።

«ደላላ?» አሉ አቦይ ሐጎስ።

«አበልጄ፣ እንደው… በምሳሌ ነው።»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ጫፉን ማየት ፈልገዋል። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ፣ አምስቱን ስቴካዎች ከቦታቸው አነሣሁ፣ የመታሁበትንም ጨምሬ ስድስቱን አንድ ላይ በክንዴ ታቀፍኩ፣ እንደ ጭራሮ ነዶ ሁለት ጊዜ አገላበጥኳቸው፣ ከዚያም አንድ በአንድ መልሼ ደረደርኳቸው። ነጠላዬን አስተካክዬ «ደኅና ዋሉ» ብዬ ወጣሁ።